ልጅ ጻፈ፤ አባት ተጠቀሰ

የአበርገሌን ወጠጤ መመዘን ቀላል ሥራ አይደለም። በቀንዱ ተይዞ ሚዛኑ ላይ እስኪወጣ ድረስ የሚያሳየውን ትግል ያየ ሰው፣ ሳይንስ ከእውቀት በፊት ጉልበት እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ቆላው ያቃጥላል፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል፣ መዝገቡ ላብ እየነካው ይጨማደዳል። ይህ ሁሉ አልፎ፣ ቁጥሩ ኮምፒውተር ገብቶ፣ ሠንጠረዡ ተሰናድቶ፣ ማጠቃለያው ከተጻፈ በኋላ ግን ተመራማሪውን የሚያስረጀው ሌላ ነገር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ገጾች። ደንበኛው አማርኛ «ዋቢ ጽሑፎች» ይላቸዋል፤ ቢሮ ውስጥ ስማቸው «ሪፈረንስ» ነው። ወጠጤ ያላሸነፈው ጎልማሳ በነጠላ ሰረዝ ሲሸነፍ ያየሁት እዚያ ገጽ ላይ ነው።

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ሰቆጣ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚህ የተነሳ የእንስሳት እርባታ ያጠናው የጎረቤቴ ልጅ ጽሑፉን ወደ መጽሔት ከመላኩ በፊት፣ «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት» እያለ ይመጣል። ፍየሉን እሱ ያውቀዋል። ለእኔ የሚተርፈኝ ነጥቡና ሰረዙ ነው።

ለማያውቅ ለማስተዋወቅ ያህል፣ የአበርገሌ ፍየል በተከዜ ዳር ቆላዎች፣ በዋግ ኽምራም በትግራይም የሚረባ፣ ደልደል ያለ፣ አብዛኛው ቀላ ያለ ቡናማ፣ አውራው ቀንዱ የተጠማዘዘ ዝርያ ነው። ለሥጋውም ለወተቱም ለቆዳውም ይፈለጋል። ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ መጽሐፍ ሳይጠቅስ አያልፍም። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከኢልሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመውና የኢትዮጵያንና የኤርትራን ፍየሎች በ14 ዓይነት የመደበው መጽሐፍ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ይህን መጽሐፍ ዋቢ በሚደረድርለት ሶፍትዌር ውስጥ አስገባ። ሶፍትዌሩ «ፋርም አፍሪካ» የሚሉ ሁለት ቃላት አየ። ሁለት ቃል ካለ የፊተኛው የራስ፣ የኋለኛው የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ፈረደና ዝርዝሩ ላይ «አፍሪካ፣ ኤፍ.» ብሎ አወጣው። አቶ አፍሪካ ደራሲ ሆኑ ማለት ነው። ከእሳቸው ዝቅ ብለው ደግሞ «ኤጀንሲ፣ ሲ. ኤስ.» የሚባሉ ሌላ ሊቅ ተሰይመዋል። እኚህ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቢባልም፣ ሊቁ ኤጀንሲ ሲ. ኤስ. ግን በውጭም በውስጥም መጽሔቶች ላይ እስካሁን በሕይወት አሉ። ስለ ማሽላ ምርት ጽፈዋል፣ ስለ ሕዝብ ብዛት ጽፈዋል፣ ስለ ሕፃናት ክትባት ጽፈዋል፣ የቀንድ ከብት ቆጥረዋል። በሁሉም ሙያ እኩል የተጠቀሰ ኢትዮጵያዊ ምሁር ይፈለግ ቢባል ከእሳቸው የሚቀድም አይገኝም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ኤንድኖት በሚባለው የዋቢ ሶፍትዌር ከድርጅቱ ስም ኋላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ መጨመር፣ በአቻው በዞተሮ ደግሞ ሁለቱን የስም ሣጥኖች ወደ አንድ ማጠፍ ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም የሚያስታውሰው ጽሑፉ ታትሞ አቶ አፍሪካን መጽሔት ላይ ሲያገኛቸው ነው።

ይህን ሥርዓት ማን አመጣብን? የጸሐፊውን ስምና የታተመበትን ዓመት በቅንፍ አስገብቶ የመጥቀሱ ዘዴ «ሀርቫርድ» ይባላል። ጅማሬው ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ለኤድዋርድ ላውረንስ ማርክ ነው። ማርክ የሀርቫርድ የእንስሳት ሳይንስ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው ረጅም ጥናት ውስጥ የቀደሙትን ጸሐፊዎች በስምና በዓመት እየጠራ ሄደ። ጥናቱ ስለ ምን መሰላችሁ? ቅርፊት ስለሌለው ቀንድ አውጣ እንቁላል። ሪፈረንስ ለምን ቶሎ እንደማያልቅ ከትውልዱ ይታወቃል።

በቁጥር የሚጠቅሰው ዘዴ ደግሞ «ቫንኩቨር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥቂት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ላይ ተሰብስበው የጀመሩት ነው። ሦስተኛው የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሕግ፣ «ኤፒኤ» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሲወለድ ሰባት ገጽ ነበር፤ ዛሬ በሰባተኛ እትሙ ከ400 ገጽ አልፏል። የሰው ልጅ ትዕግሥት የት ድረስ እንደሚዘልቅ የሚያጠኑ ሰዎች ያወጡት ሕግ መሆኑን ሳስበው፣ ሙከራው እኛው ላይ ይሆን እንዴ እላለሁ።

በኤፒኤ የመጽሔቱ ስም በዘመመ ፊደል ይጻፋል፤ የቅጹ ቁጥርም ይዘምማል፤ በቅንፍ ያለው የእትሙ ቁጥር ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቅንፉ ለምን እንደማይዘምም የሚያስረዳ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። በቫንኩቨር ደግሞ ስድስት ጸሐፊ ድረስ ተዘርዝሮ የቀሩት «ኤት አል» በምትባል የላቲን ከረጢት ውስጥ ይታጎራሉ። ኤፒኤ ለጋስ ነው፣ እስከ ሃያ ይዘረዝራል። ሃያ አንድ ከሆኑ ግን አስራ ዘጠኙን ጽፎ፣ ሦስት ነጥብ አድርጎ፣ የመጨረሻውን ሰው ብቻ ያስገባል። ስለዚህ ብዙ ሰው በተሳተፈበት ጥናት ውስጥ ስም አወጣጥ ላይ ዕድለኛው አንደኛውና መጨረሻው ነው፤ ሃያኛው ሰው ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ዞተሮ ቋት ውስጥ የተከማቹት የአጠቃቀስ ስልቶች ከ10,000 በላይ ናቸው። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ምን ብሎ፣ የት። ልዩነታቸው በነጥብ፣ በሰረዝና በክፍት ቦታ ነው። ይሁንና ጽሑፉ አንደኛው መጽሔት ዘንድ ወራት ከርሞ «ከመጽሔታችን ዓላማ ጋር ስላልገጠመ» ተብሎ ሲመለስ፣ ቀጣዩ መጽሔት ሌላ ስልት ይጠይቃል። በፊደል ተራ ተሰልፈው የነበሩት ሊቃውንት ፈርሰው እንደ አጠቃቀሳቸው ቅደም ተከተል በቁጥር ይሰለፋሉ። አንደኛ የነበሩት አቶ አፍሪካ ሠላሳኛ ሆነው ይገኛሉ። ፍየሎቹ በዚህ መካከል ወልደዋል፤ ግልገሎቹም ወልደዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የፈረንጁም ችግር ነው፤ ጀርመኑም ብራዚሉም ያማርርበታል። የእኛ ብቻ የሆነው ከስም ላይ ይጀምራል።

ፊደል ስንቆጥር በሶ ሲበላ የተዋወቅነውን አበበን እንውሰድ። አባቱ ከበደ ይባሉ። አበበ ከበደ በሶውን ጨርሶ፣ ዲግሪውን ደራርቦ፣ ስለ አበርገሌ ፍየል እድገት ጻፈና ታተመለት። ተከታዩ ተመራማሪ ሲጠቅሰው «ከበደ እንዳረጋገጠው» አለ። ከበደ ምን አረጋገጡ? አቶ ከበደ «ልጄ ተምሮ ተምሮ የፍየል ደረት በሜትር ይለካል» እያሉ ለጎረቤት ሲያዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን በእንግሊዝኛው ዓለም ይከራከራሉ፣ ይተቻሉ፣ ይደመድማሉ። አልፎ ተርፎም በወጠጤው ክብደት ላይ አቶ ከበደ ከአቶ አፍሪካ ጋር አይስማሙም።

አበበስ? አበበ «ኤ.» የምትባል አንዲት ፊደል ሆኖ ከአባቱ ኋላ ቆሟል። ስሙ ሙሉ ሆኖ ማየት ከፈለገ አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ ልጅ ወልዶ ማስተማር። ልጁ ዳዊት አበበ አድጎ አንድ ቀን ስለ በግ ሲጽፍ፣ ዓለም «አበበ እንዳሉት» ብሎ አበበን ይጠቅሰዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ዳዊት ተራውን «ዲ.» ሆኖ ልጁን ይጠብቃል። በሌላው አገር ሰው ለራሱ ዝና ይጽፋል። በእኛ አገር እያንዳንዱ ትውልድ ለአባቱ ጽፎ፣ ለራሱ ዝና ልጁ እስኪጽፍለት ይጠብቃል። አባትን ማክበር በተግባር ሲታይ እንግዲህ እንዲህ ነው።

ሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እሷ የምትታወቅበት ስም ይጠፋና አባቷ ከነወንድ ስማቸው ይቀመጣሉ። ጥናቷን አንብቦ የተደነቀ አንድ የውጭ ሰው «ውድ ሚስተር» ብሎ የአድናቆት ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤውን አባትየው ቢያዩት ይደሰቱ ነበር።

ይህ ያልደረሰበት ታላቅ ሰው የለም። ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ የታተመውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ጽፈው፣ የሚጠቀሱት ብዙ ጊዜ «ታምራት» ተብለው ነው። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ ጽፈው «ዘውዴ» ናቸው። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ከታች ያለው ቀንድ አውጣ መሞቱን አስተውለው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ነገር ለዓለም አስተዋወቁ፤ በሕክምና መዝገቦች ውስጥ ግን ሊቁ «ለማ ኤ.» ናቸው። የሀርቫርዱ ቀንድ አውጣ ስማችንን ወሰደ፤ የአድዋው ቀንድ አውጣም አላስመለሰልንም።

ሁለት ቃል ሆኖ የሚጻፍ የአባት ስም ያለው ሰው ደግሞ ሌላ መከራ አለበት። ሠርገው ሀብለ ሥላሴ የጥንትና የመካከለኛው ዘመን ታሪካችንን በ1972 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ቃል ቆርጦ «ሥላሴ፣ ኤስ. ኤች.» አላቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚሁ ሂሳብ «ሥላሴ» ሆኑ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የሕይወት ታሪካቸውን በመጻፋቸው «ሥላሴ፣ ኤች.» ተብለው ከሁለቱ ጋር በአንድ ፊደል ሥር ተሰለፉ። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሚኒስትራቸውና የታሪክ ምሁሩ ወንድማማቾች መሰሉ። በኤፒኤ ሕግ ሦስትና ከዚያ በላይ ጸሐፊ ያለው ሥራ ጽሑፉ መሐል ሲጠቀስ ከመጀመሪያው ስም ቀጥሎ «ኤት አል» ይባላል፤ ሥላሴን በዚህ ሕግ እንዴት ነው የምንጠቅሳቸው? ይህን ጥያቄ ለአንድ ቄስ ወዳጄ አቀረብኩላቸውና «ንስሐ ግባ» አሉኝ።

የሕግ ሰዎች ይህን ቀድመው አስበውበት ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ደንግጓል። ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ሕዝቡ ግን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። እኔ በበኩሌ ሕዝቡን አልወቅስም። አይስላንዳውያንም በአባት ስም የሚጠሩ ናቸው፤ የስልክ ማውጫቸውን በራስ ስም ቅደም ተከተል አድርገው ሲሠሩ ሰማይ አልተደፋባቸውም።

መጥቀስ ለእኛ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ እሺ ነበር። ቅኔ ቤት ለገባ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ተማርህ?» የሚል ነው። ተማሪው የመምህሩን ስም ከነቦታው ይናገራል፤ መምህሩም ከማን እንደተማሩ ይታወቃል። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ እየተባለ የቅኔው ቤት ይለያል፤ ዋድላ እንኳ ለእኛ ለዋጎች ከላስታ ወዲያ ያለ ጎረቤት ነው። የመጽሐፍ መምህርም ቃሉን ከነምንጩ ጠርቶ «እንዲል» ብሎ ያስራል። በዚህ ሁሉ መምህሩ የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው። አባታቸውን ማንም አይጠራም፤ አባታቸው አላስተማሩማ።

አንዳንዱ ተመራማሪ ይህ ሲገባው ብልሃት ይፈጥራል። ባንዱ ጽሑፍ «ከበደ ኤ.»፣ በሌላው «አበበ ኬ.»፣ በሦስተኛው አያቱን ጨምሮ ይጽፋል። ውጤቱ ከበሽታው ይከፋል። ጎግል ስኮላር ዘንድ አንዱ አበበ ሦስት ቀጫጭን ሰዎች ይሆናል። የምሁርነት ማዕረግ በታተመና በተጠቀሰ ጽሑፍ በሚመዘንበት ጊዜ እያንዳንዱ አበበ ለብቻው ቀርቦ፣ ሦስቱም ይወድቃሉ። ላይ ላዩን ሦስት ሰው እየተከራከሩ የሚመስለው ጽሑፍም ሲመረመር አንዱ ሰው ራሱን በራሱ ሲደግፍ ይገኛል።

ሰው ብቻ ሳይሆን አገሩም እንዲሁ ተበታትኗል። «አበርገሌ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው በሁለት «ኤል» ይጽፋል። ዋግ ኽምራ ሲባል አንዱ ያጣብቀዋል፣ ሌላው ይለያየዋል፣ ሦስተኛው መሐሉ ላይ ጭረት ያስገባል፤ «ኽ»ንም አንዱ በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኤ» ያናግረዋል። ከተማችንስ? የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በእንግሊዝኛ ሰነዶች በ«ኪው» ይጻፋል፤ የግብርና ምርምር ማዕከላችን ደግሞ በ«ኬ»። ሁለቱም ከአንድ ከተማ ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ግን አይተዋወቁም። በአንደኛው አጻጻፍ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን ሳያገኝ «በአካባቢው የተደረገ ጥናት የለም» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ላይ አበርገሌ የሚባል ወረዳ በትግራይም አለ፤ ጣንቋ አበርገሌ። ክልሉን ያልጠቀሰ ጸሐፊ ፍየሉን የትኛው አበርገሌ ላይ እንደመዘነው አይታወቅም።

የዓመቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህን ቁጥር ሳይለውጥ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የጠቀሰ ሰው መጽሐፉን ከታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በፊት ያወጣዋል። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማለቂያ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ነው፤ መጽሐፉ ላይ ወሩ ካልተጻፈ ጸሐፊው ሁለቱንም ዓመት በጭረት አያይዞ ያስቀምጣል፣ ሶፍትዌሩም ይህን አልቀበልም ይላል። ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ሌላ አለ። ዋግ ላይ «ሰባ ሰባት» ካሉ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም፤ የድርቁ ዓመት ነው። አንድ ጸሐፊ ያንን 77 የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጽ 1977 ብሎ ቢያሳልፈው፣ የውጭ አንባቢ ያንን ሁሉ ሞት ሰባት ዓመት ወደኋላ ወስዶ በሌላ ዝናብ ላይ ያመካኘዋል። አንዲት «ዓ.ም.» የምትባል ቃል ይህን ያህል ትሸከማለች።

አንድ ቀን ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ወደ ኒሯቅ ቆላ ወረድን። የበረትን ነገር የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰደኝ። ሰውየው ፍየሎቻቸውን ሲያሳዩን እያንዳንዷን ከነእናቷና ከነአያቷ ነገሩን፤ የትኛዋ መንታ እንደምትወልድ፣ የትኛዋ ወተቷ ቶሎ እንደሚነጥፍ፣ የትኛው ወጠጤ ለዘር መቅረት እንዳለበትና ለምን እንደሆነ ጭምር። ተመራማሪው እየሰማ ጻፈ። መጠይቅ ሞልተው ቢሆን ስማቸው እንዲደበቅ የምርምር ሥነ ምግባር ያዛል፤ እሳቸው ግን የተጠየቁት እንደ አዋቂ ነው። ሲጨርሱ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይኼ ያልኩህ ነገር ወረቀትህ ላይ ሲገባ ማን አለ ይባላል?»

«እርስዎ ይጠቀሳሉ አባቴ። ስምዎን ጽፌ ‘በግል ግንኙነት’ እላለሁ።»

«መጨረሻ ላይ ያሳየኸኝ የሊቃውንቱ ዝርዝር ውስጥም እገባለሁ?»

የጎረቤቴ ልጅ አመነታ። «እዚያ እንኳ አይገቡም። ሕጉ አይፈቅድም።»

«ምነው?»

«እዚያ የሚገባው አንባቢው ሄዶ ፈልጎ ሊያገኘው የሚችል ነገር ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ ታዲያ የት ጠፍቼ ነው? ኒሯቅ ገብቶ የጠየቀ ሰው ያገኘኝ የለም ወይ?»

መልስ አልነበረንም። የኤፒኤ ሕግ በእርግጥ እንዲህ ይላል፦ ቃል ጽሑፉ መሐል ይጠቀሳል፣ የዋቢው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን የገቡ ድረ ገጾች አሉ፤ ሲነኩ «ገጹ የለም» የሚሉ። ለዚህ ለዚህማ ነበር እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኦአይ የተባለው ቋሚ አድራሻ የተጀመረው፤ ሁሉም በ«10» ይጀምራል፣ መጽሔቱ ድረ ገጹን ቢቀይር እንኳ አንባቢውን ካለበት ያደርሰዋል። ዲኦአይ ያለው ጽሑፍ ይገኛል። ሽማግሌውም ይገኛሉ። የማይገኘው በመካከል ያለው ነው።

ለሰው ስምም እንዲህ ያለ ነገር ተፈጥሯል። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦርኪድ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ አስራ ስድስት አሃዝ ያለው፣ የማይለወጥ መለያ በነጻ ይሰጣል። የጎረቤቴ ልጅ ለወጠጤዎቹ የሚያስርላቸው የጆሮ ቁጥር ማለት ነው፤ ወጠጤው ቢሸጥም፣ በረት ቢቀይርም፣ ስሙን አንዱ «ዳማ» ሌላው «ቡሬ» ቢለውም መዝገቡ አይሳሳትም። የሚገርመው፣ ፍየሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ቁጥር ያሰረላቸው ሰው የራሱን ቁጥር ሳያወጣ ዓመታት መክረሙ ነው። ወጠጤው ከነአባቱ ቁጥር በትክክል ተመዝግቧል፤ መዝጋቢው በአባቱ ስም ጠፍቷል።

የእኛን ስም እንደ እኛ አጠራር መጻፍ አይቻልም የሚል ካለ፣ የተቻለበትን ላሳየው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ያስቀድማል። ሀምቡርግ ላይ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የተጠናቀቀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካም ባሕሩን በባሕሩ፣ ታደሰን በታደሰ ቦታ አስቀምጧል። ጀርመን አገር የተቻለ ነገር ባሕር ዳር ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ሶፍትዌሩም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ ስምን በአንድ ሣጥን ሙሉውን ካስገቡለት አይቆርጥም፣ አይገለብጥም። አቶ አፍሪካን ያዳነው ዘዴ አበበንም ያድነዋል።

ስለዚህ የምለው ይኸው ነው። ወጣት ተመራማሪዎች፣ የመጀመሪያውን ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት ስማችሁ በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ወስኑና እስከ ጡረታ አትንኩት፤ ኦርኪድ አውጡ፤ በምትጠቅሱት ኢትዮጵያዊ ላይ ደግሞ በእናንተ እንዲደረግ የማትወዱትን አታድርጉ። የአገር ቤት መጽሔት አዘጋጆች፣ የጸሐፊዎች መመሪያችሁ ውስጥ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ አንዱ ኢትዮጵያዊ በራሱና በአባቱ ስም ሙሉውን ይጠቀስ የሚል፣ ሁለተኛው ዓመት ሲጻፍ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ የሚል። የአዋቂ ቃል የተጠቀመ ተመራማሪም፣ ዝርዝሩ ባይፈቅድለት ምስጋናው ገጽ ላይ የሰውየውን ስም ከነቀበሌው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ያስፍር። ለአቶ ከበደ ያለኝ አክብሮት የታወቀ ነው፤ አባት ናቸው። ግን አልጻፉም። የጻፈው አበበ ነው።